ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ብራስልስ ውስጥ ማሮል የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ያለው አደባባይ ላይ በየቀኑ ጠዋት ልባሽ ተራ ይቆማል። የሞተ ሰው ቤት ሲጸዳ የወጣው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ሰሃኑ፣ የሠርግ ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ የቆመው ሰዓት። ባለፈው ጥቅምት ከልጄ ጋር ስንዞር ከድሮ የጉዞ መጽሔት የተገነጠለ አንድ ገጽ አገኘሁና በ5 ዩሮ ገዛሁት።

ሥዕሉ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ወንዝ ይሻገራሉ። ውሃው ደረታቸው ደርሷል። ሁሉም ጭንቅላታቸው ላይ ሳጥን ወይም ጥቅል ተሸክመዋል፣ እንዳይወድቅባቸው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ዳር ላይ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ሰው ቆሞ በእጁ ወደ ማዶ ያመለክታል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ወንዝ መሻገር» የሚል ብቻ ተጽፏል። የሠዓሊው ፊርማ የነበረበት ጠርዝ በመቀስ ስለተቆረጠ የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። የየት አገር ወንዝ እንደሆነም አይናገርም።

የገዛሁት ውሃው አምሮኝ ነው። በቀጫጭን መስመር ብቻ የሚፈስ ውሃ ሲሠራ ሳይ ሁሌም ይገርመኛል። ቤት ገብቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትንሽ አየችውና «አባዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

የምመልስላት አልነበረኝም። እኔ ውሃውን አይቻለሁ፣ ዛፎቹን አይቻለሁ፣ የሰልፉን ማማር አይቻለሁ። ሸክሙን ግን እንደ ሸክም አላየሁትም ነበር። የብርዱን ወራት በሙሉ ማታ ማታ እሷ ስትተኛ ይህን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ከረምኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ እንዲህ ዓይነት ሥዕል እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር እዚያ ውስጥ ተደብቋል። በ1860 ኤዱዋር ሻርቶን የሚባል ፈረንሳዊ «ለ ቱር ዱ ሞንድ» የተባለ ሳምንታዊ የጉዞ መጽሔት ፓሪስ ውስጥ ጀመረ። አሳታሚው አሼት ነበር። መጽሔቱ የተጓዦችን ማስታወሻ በትልልቅ ሥዕል አጅቦ ያወጣል። ለእነዚያ ገጾች ከሠሩት ሠዓሊዎች ስመ ጥሩ ኤዱዋር ሪዩ ነው። አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ግን የሳሉትን አገር በዓይናቸው አላዩም። ተጓዡ በእርሳስ የጫረው ንድፍ፣ አንዳንዴ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፉ ብቻ ይደርሳቸዋል። የቀረውን ፓሪስ ቁጭ ብለው ይሞሉታል። ከዚያ ሥዕሉ ጠንካራ እንጨት ላይ ይገለበጣል፣ ቀራጩ በስለት ይፈለፍለዋል። ነጭ ሆኖ መታተም ያለበት ይፈለፈላል፣ ጥቁር የሚሆነው ሳይነካ ይቀራል። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ እንጨቱ ተከፋፍሎ ለተለያዩ ቀራጮች ይሰጣል፣ በኋላ በብሎን ይጋጠማል። ስለዚህ አንዱ የተሸካሚውን እግር፣ ሌላው ጭንቅላቱን ሠርቶት ሊሆን ይችላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ገጼን በማጉያ መነጽር ደግሜ አየሁት። የባለ ባርኔጣው ፊት በጥንቃቄ ተፈልፍሏል። ጢሙ ይታያል፣ የአፍንጫው ጥላ ይታያል። ከተሸካሚዎቹ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ዓይንና አፍ አላቸው፣ ከሦስተኛው በኋላ ያሉት ፊት የላቸውም። ጭንቅላት ነው፣ ከላዩ ሳጥን ነው፣ በቃ። ሳጥኖቹ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ማዕዘናቸው ጥርት ብሏል። ገመዱ ሳይቀር ተቆጥሮ ተስሏል።

የዚያን ዘመን ሠዓሊዎች የሰው መከራ መሳል አልቻሉም ለማለት አይደለም። ሲፈልጉ ልብ በሚሰብር መንገድ ይስሉታል። ስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊና ተጓዥ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1865 ስለ ዛምቤዚ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሰልፍ ለባርነት የሚነዱ ምርኮኞች ሥዕል አለ። አንገታቸው ባላ በሆነ ወፍራም ግንድ ውስጥ ገብቶ ከፊት በብረት ተቆልፏል። እንደ በሬ ቀንበር፣ ግን ለሰው። ይህ የሆነው ሐምሌ 1861 ምባሜ በሚባል መንደር አካባቢ፣ ዛሬ ማላዊ በምንለው አገር ነው። ሊቪንግስተንና አብረውት የነበሩት ነጂዎቹን አባርረው 84 ሰው አስፈቱ። ገመዱን በቢላዋ ቆረጡ፣ የወንዶቹን አንገት ለማስለቀቅ ግንዱን በመጋዝ ከፈሉት። ሴቶቹን ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አብስሉ አሏቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ አላመኑም። በኋላ ሲገባቸው አንገት ላይ የነበረውን ግንድ አንድደው ድስታቸውን ጣዱበት።

ይቺን ቦታ ሳነብ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ከዚህ ሁሉ ንባቤ ደስ ያለኝ ቦታ እሱ ብቻ ይመስለኛል። የዚያን እሳት ሥዕል ባገኝ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር። አላገኘሁም። በሰው አእምሮ የቀረው የሚነዱት ሰዎች ሥዕል ነው። ሊቪንግስተን ሞቶ በ1874 ማስታወሻው ሲታተምም መራመድ ያቃተውን ምርኮኛ ነጂው በመጥረቢያ ሲገድለው የሚያሳይ ሥዕል ገባበት። አውሮፓ እነዚህን ሥዕሎች አይታ አለቀሰች። ልቅሶው የእውነት ነበር፣ ባርነትን ለማስቆም ገንዘብ ያዋጡት ሰዎችም ከልባቸው ነበር። ያንን ልቅሶ ወዲያው ሥራ ላይ ያዋለው ሰው ግን የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ ነው። በ1876 ብራስልስ ውስጥ የጂኦግራፊ ጉባኤ ጠርቶ አፍሪካን ከአረብ ባሪያ ነጋዴዎች እንታደግ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ቤልጂየምን ከ70 እጥፍ በላይ የሚበልጥ አገር የግሉ ሆነ። ስሙንም «ነጻ» የኮንጎ መንግሥት አለው።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ።

ጋዜጠኛና ተጓዥ የነበረው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1874 መጨረሻ ከዛንዚባር ተነስቶ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጥ ይዞት የሄደው ጓዝ ስምንት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ውስጡ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ጥይት፣ ድንኳን፣ መድኃኒት አለ። በየደረሱበት አገር ምግብና ማለፊያ የሚገዛው በጨርቁና በጨሌው ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ጀልባው ነበር። «ሌዲ አሊስ» ይባላል፣ 12 ሜትር ርዝመት አለው፣ አምስት ቦታ ተፈታትቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ጀልባ በየብስ! ከባሕር ዳር ተነስቶ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከዚያ እስከ ኮንጎ ወንዝ ድረስ፣ ፏፏቴ ባጋጠመ ቁጥር ደግሞ እንደገና ከውሃ ወጥቶ በሰው ሸክም። ከ200 በላይ ሰው ነበር የተነሳው። ነሐሴ 1877 በኮንጎ ወንዝ መጨረሻ ያለችው ቦማ የደረሱት ወደ ግማሽ ወርደዋል። አብረውት የሄዱት ሦስት ነጮችም በሙሉ ሞተዋል፤ የእነሱን ስም በቀላሉ ታገኛላችሁ።

ተሸካሚዎቹ ደመወዝ ነበራቸው፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ከዛንዚባር የተቀጠሩ ናቸው፣ ብዙዎቹም ሥራውን የሚያውቁ ኩሩ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ግን ባለቤት ያላቸው ባሮች ነበሩ፣ ጌታቸው አከራይቷቸው ከደመወዛቸው ድርሻ ይወስዳል። ከጉዞ የጠፋ ተሸካሚ ሲያዝ ይገረፋል፣ በሰንሰለት ይታሰራል። ማለትም ያ ሊቪንግስተን ጋ ወንጀል ሆኖ የተሳለው ሰንሰለት እዚህ ካምፕ ውስጥም አለ። ግን እኔ ባየኋቸው ሥዕሎች ሰልፉ ሲሳል «የጉዞው ጅማሬ»፣ «ፏፏቴውን ማለፍ»፣ «ሰፈራ» እየተባለ ነው። ያው ጭንቅላት፣ ያው ሸክም፣ ያው አንገት። የሸክሙ ባለቤት ሲቀየር የሥዕሉ ስም ይቀየራል።

በ1879 ስታንሊ ለሊዮፖልድ ተቀጥሮ ተመለሰ። ከማታዲ አንስቶ ዛሬ ኪንሻሳ እስካለችበት ድረስ የኮንጎ ወንዝ ፏፏቴ በፏፏቴ ስለሆነ መርከብ አይሄድበትም፤ ስለዚህ በተራራው ላይ መንገድ አስቆፈረ። ድንጋይ በማስፈለጡ ሰዎች «ቡላ ማታሪ» አሉት፣ ድንጋይ ሰባሪ ማለት ነው። እሱ ስሙን በኩራት ጻፈው። ልብ በሉ፣ መዶሻውን ያነሱት እጆች የሌሎች ነበሩ። ለኮንጎ ሰዎች ግን ቃሉ ከእሱ ጋር አልቀረም። ቀስ በቀስ የመንግሥቱ ስም ሆነ። ቡላ ማታሪ መጣ ሲባል ግብር መጣ፣ ወታደር መጣ፣ ሰው ሊወስዱ መጡ ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተሸካሚነት ደመወዝና ውል ያለው ሥራ አልነበረም። የመንደር አለቃ ይህን ያህል ሰው አምጣ ይባላል። ሸክሙ ለአንድ ሰው 30 ኪሎ ገደማ ነው፣ መንገዱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የመርከብ ብረት እንኳ ተፈታትቶ በጭንቅላት ነው የሄደው። ወደ ላይ ጥይት፣ ጨርቅ፣ የነጮቹ ወይንና ቆርቆሮ ምግብ፤ ወደ ታች የዝሆን ጥርስ፣ በኋላም ጎማ። እምቢ ላለ ሺኮት አለ። ሺኮት እኛ የጉማሬ አለንጋ የምንለው ነው፣ ደርቆ የተጠማዘዘ ቆዳ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ። በ1891 አንድ የወረዳ ገዥ አዲስ ጣቢያ ለማቋቋም 300 ተሸካሚ በግድ ይዞ ሄደ። ከ300ው አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በ1896 እዚያው የሄደ ኤድሞን ፒካር የሚባል የቤልጂየም ሴናተር በመንገዱ ላይ ያገኛቸው ተሸካሚዎች ከስተው፣ ሸክማቸው ሥር ተንገዳግደው ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ሲሞቱ፣ ወይ ቤታቸው ደርሰው ከድካም ሲሞቱ እንደነበር ጽፏል። እሱ ደግሞ የቅኝ ግዛት ጠላት አልነበረም።

በ1890 በዚያው መንገድ ገና ደራሲ ያልሆነ አንድ መርከበኛ በእግሩ አለፈ። ጆሴፍ ኮንራድ ነው። የያዛት ማስታወሻ ደብተር ደረቅ ናት። ስንት ማይል እንደሄደ፣ ትንኙ፣ ውሃው ምን እንደሚመስል። በዚያ መሃል ሬሳ አየሁ ይላል፣ በማግስቱም ሌላ ሬሳ፣ ከሳምንታት በኋላም እንጨት ላይ የታሰረ አጽም። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ገጼ ላይ ካለው ሰልፍ ጀርባ ያለውን ሣር ደጋግሜ አየሁት። ሣሩ በጣም ውብ ሆኖ ነው የተሳለው።

ሸክሙን የሚተካ ባቡር ከ1890 እስከ 1898 ተሠራ። መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 132 ነጮችና 1,800 ሌሎች ሠራተኞች ሞተዋል። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከባርቤዶስ፣ ከማካዎ የመጡ ቻይናውያን ሳይቀሩ እዚያ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ ስለ እኛም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ካላልኩ ይከነክነኛል። አዲስ አበባ ሳድግ መርካቶ ጀርባው የጎበጠ ሰው ኩንታል ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ ኩሊ እንለው ነበር። ቃሉ ከህንድ ተነስቶ በእንግሊዞች መርከብ ዓለምን የዞረ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። ልጅ ሆኜ ሳየው የሚታየኝ አፄ ቴዎድሮስ ነበር። ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስድስት ወር ገደማ በሸለቆና በገደል የተጎተተው በሰው ጉልበት ነው። መንገዱም እየተጠረገ ነው የሄደው። ገመዱን የያዙትን ሰዎች የሚያስታውስ ነገር እዚያ አደባባይ ላይ አላየሁም። ንጉሡን እወዳለሁ፣ እሱን ለማሳነስ አይደለም የምጽፈው።

ከዚህ የሚቀርብም አለ። አያቴ ስለ ልጅነት ቤቷ ስታወራ ውሃ የምትቀዳ፣ እህል የምትፈጭ፣ ሌሊት እሳት የምትጠብቅ አንዲት ሴት በወሬው ውስጥ ትመጣለች። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፣ በፈረንጆቹ። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ሴትየዋን «ያቺ የቤታችን» እያለች ነበር የምትጠራት። ስሟ ማን ነበር ብዬ ሳልጠይቃት አያቴ ሞተች። እንግዲህ እኔም ፓሪስ ቁጭ ብሎ ፊት የሌለው ጭንቅላት በሚስለው ሰው ላይ ብቻ ጣቴን መቀሰር አልቻልኩም።

ስም ሲገኝ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚቀየር ያየሁት በአንድ ፎቶ ነው። ግንቦት 1904፣ ኮንጎ ውስጥ ባሪንጋ የሚባል ቦታ። አሊስ ሲሊ ሃሪስ የምትባል የእንግሊዝ ሚስዮናዊት ያነሳችው ነው። አንድ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከፊቱ መሬት ላይ ያለውን ትንሽ ነገር ያያል። የሚያየው የአምስት ዓመት ልጁ እጅና እግር ነው። የጎማ ኩባንያው ጠባቂዎች መንደሩ የታዘዘውን ጎማ አላመጣም ብለው ገድለዋታል። ሰውየው ንሳላ ይባላል፣ ከዋላ መንደር። ልጅቷ ቦአሊ ትባላለች። ፎቶው በእንግሊዝ አገር በየአዳራሹ በመብራት ግድግዳ ላይ እየተወረወረ ታየ፣ ሰው ተነሳ፣ እና ሊዮፖልድ በ1908 አገሩን ለቤልጂየም መንግሥት አስረከበ። ለዓመታት ሰልፉን ሲያደንቁ የነበሩ ዓይኖች ንሳላን ካዩ በኋላ እንደ ድሮው ማየት አቃታቸው። እኔም ለልጄ ይህን ፎቶ አላሳየኋትም። ስታድግ እናየዋለን።

ያሳየኋት ሌላ ነገር ነው። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ በ44 ቁጥር ትራም በጫካው መሃል አልፈን ቴርቩረን ሄድን። ሊዮፖልድ በ1897 267 የኮንጎ ሰዎች አምጥቶ ለሕዝብ ያሳየበት ቦታ ነው። ሰባቱ እዚያው ሞቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ተቀብረዋል። እዚያ ባለው የአፍሪካ ሙዚየም ውስጥ አንድ ኮሪደር ግድግዳ ላይ በኮንጎ የሞቱ 1,508 ቤልጂየማውያን ስም ተቀርጿል። ፍሬዲ ትሲምባ የሚባል የኮንጎ ሠዓሊ የሰባቱን ሰዎች ስም ከፊት ለፊት ያለው መስኮት ላይ አደረገው። ፀሐይ ስትወጣ የስማቸው ጥላ ከእነዚያ 1,508 ስሞች ላይ ያርፋል።

በትራም ላይ እያለን ስለ ሳጥኑ ነገርኳት። ጨርቅ፣ ጨሌ፣ ጥይት፣ የመርከብ ቁራጭ፣ ሲመለሱ ደግሞ የዝሆን ጥርስ። «የእነሱስ ዕቃ? እነሱ የራሳቸውን ዕቃ በምን ያዙ?» አለችኝ። ይህንንም አላሰብኩትም ነበር።

የሄድንበት ቀን ደመና ነበር። ግድግዳው ላይ ምንም ጥላ አልነበረም። ትንሽ ጠበቅን፣ ፀሐይዋ አልወጣችም። ስለዚህ ዞረን ከመስታወቱ ላይ አነበብናቸው፤ እሷ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ፣ ኤኪያ፣ ጌምባ፣ ኪቱኩዋ፣ ምፔያ፣ ዛዎ፣ ሳምባ፣ ሚባንጌ።